በሦስት ጣት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ስወጣ በመኪናው መስኮት የባቄላ አበባ ሽታ ከገባ፣ ሥራዬን ሁሉ ረስቼ ኩታበር፣ የአባቴ ማሳ ዳር ቆሜ እገኛለሁ።

አባቴ በእጁ ሰፊነት የሚኮራ ገበሬ ነበር፤ ለመሬት መሰሰት ነውር ስለሚመስለው ማዳበሪያውን እንደ ዘር እፍኝ እፍኝ እየዘገነ ማሳው ላይ ይበትነው ነበር። ቀዩ አፈራችን ግን የተሰጠውን ጨብጦ አይለቅም፤ የስንዴው ቡቃያ ሐምራዊ እየሆነ ይቀነጭር ነበር።

ሰባተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ማዳበሪያው ዘግይቶ መጣ፣ የደረሰንም ከወትሮው ግማሽ ነበር። ስምንተኛን ስጨርስ ደሴ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሆጤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንድማር ታስቦ ነበር፤ አባቴ ግን ከረጢቱን አይቶ «ስንዴው ካልሆነልን ሀዋ ደሴ አትሄድም» አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እናቴ ዘሀራ ለጓሮ ቃሪያዋ ፍግ የምታደርገው ከሥሩ ብቻ ነበር። «አንቱ የሀዋ አባት፣ ሥር እግር አለው እንዴ ሄዶ የሚለቅመው? ባቄላ የነበረበት ላይ በመስመር እንዝራው፣ ማዳበሪያውን እኔ እየቆነጠርኩ ትልሙ ውስጥ አደርገዋለሁ» አለችው።

«ወላሂ፣ ቃሪያ ልንተክል ነው እንዴ!» ብሎ ሳቀ፤ ሌላ መላ ስላልነበረው ግን በሬዎቹን ጠመደ። እሱ ትልሙን እያወጣ፣ እናቴ በሦስት ጣቷ እየቆነጠረች፣ እኔም ስስ አፈር መልሼ ዘሩን እያስከተልኩ ስንሄድ ጎረቤቶች ቆመው ይስቁብን ነበር።

ነሐሴ ላይ እናቴ በየማለዳው ማሳ ወርዳ ቅጠል እየገለበጠች ታይ ነበር፣ እኔ ፈርቼ አልጠጋም ነበር። አንድ ጠዋት ጠራችኝ፤ ቅጠሉ ከላይም ከታችም አረንጓዴ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ጭቃው ላይ ዘፍ አለች፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኅዳር ላይ ስንዴው ወገቤ ደረሰ፣ በቀጣዩም መስከረም ሆጤ ገባሁ።

ዛሬ ኮምቦልቻ የአፈር ምርመራ ክፍል እሠራለሁ። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ብዙም እንደማይንቀሳቀስ፣ የባቄላ ሥርም አፈሩ የያዘውን እንደሚያስለቅቅ ለገበሬዎች አስረዳለሁ፤ እናቴ በሦስት ጣት የጨረሰችውን እኔ በግማሽ ቀን ስብሰባ አልጨርሰውም። እሷ ልክ እንደነበረች አንድም ቀን ከአባቴ አፍ አልወጣም። ግን ያኔ እፍኙን ሞልቶ ብቻውን ማሳ ይገባ የነበረው ሰው፣ ዛሬ በሬዎቹን ጠምዶ ደጃፍ ላይ ይቆምና «ዘሀራ፣ ነይ ቆንጥሪልኝ» ይላል።