ቴካይ ከሞተ በኋላ ዛፉ ላይ የተዘፈነው

ጎረቤቴ አሮይታ እዚህ ኦኖቶዋ ደሴት ላይ ካሬዌ የምትቀዳ ብቸኛ ሴት ናት። ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል፤ አሁንም ጠዋትና ማታ፣ ጠርሙሷን በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ አራት ሰው ቢደራረብ የማይደርስበት ኮኮናት ላይ ትወጣለች። ሁለቱ ልጆቼ በእሷ ካሬዌ ነው ያደጉት። እንዴት እንደጀመረች የነገረችኝ ግን በቅርቡ ነው። የቀረውን በቦታው የነበረችው አማቴ ሞላችልኝ።

ካሬዌ ከዛፉ አናት፣ ገና ካልፈነዳው የአበባ እምቡጥ የሚንጠባጠብ ጣፋጭ ውኃ ነው። ቀጂው እምቡጡን በኮኮናት ቃጫ ገመድ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል፤ ጫፉን እንደ ወረቀት ስስ አድርጎ ይልጠዋል፤ ጠርሙስ ይደቅንበትና ይወርዳል። ሁለት ቀን ካልተነካ ቁስሉ ይደርቃል፣ እምቡጡም አለቀለት። ቀጂው ዛፉ ላይ ሳለ ይዘፍናል። ከታች የሚታጠቡ ሴቶች ወንድ በላያቸው እንዳለ እንዲያውቁ ነው፤ ሁላችንም ዘፈኑ ለዚህ ብቻ የሚዘፈን ይመስለን ነበር።

አሮይታ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት አባቷ ቴካይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ታንኳው ተገልብጦ ደሴቱን የከበበው የኮራል ቋጥኝ ላይ ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። እናቷ የሁለት ወር አራስ ነበረች፤ በሐዘን ጡቷ ደረቀ። ዝናብ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖት ስለነበር የየሰዉ ዛፍ ለየሰዉ ልጅ እንኳ አይበቃም። የቆርቆሮ ወተት የምታመጣው መርከብ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራታል። ሕፃኑ ባውሮ የሚጠጣው አባቱ እምቡጥ ያሰረበት አንድ ዛፍ ላይ ብቻ ነበር።

ስለዚህ አባቷ ባልተመለሰበት ማግስት አሮይታ የአባቷን ቢላዋ ይዛ ዛፉ ላይ ወጣች። ያስተማራት የለም። ሴት ልጅ አይማረውም፤ ሙያው ከአባት ለወንድ ልጅ ነው የሚሄደው። ከታች ሆና ስታየው ያደገችውን አስመስላ ቆረጠች። ሴት ዛፍ ላይ ስትዘፍን መሰማቷ ደግሞ ነውር መስሏት ድምፅ ሳታሰማ ወጥታ ድምፅ ሳታሰማ ትወርዳለች።

በመጀመሪያው ቀን ጠርሙሱ ሞላ። በአምስተኛው ቀን ግማሽ ሆነ። በአሥረኛው ቀን ከታች ሁለት ጣት ብቻ። መንደሩም አወቀባት።

«የቴካይ ልጅ ክንፍ አወጣች አሉ» ትላለች አንዷ ከውኃው ዳር።

«ያን ሁሉ ወጥታ ጉንጭ የማይሞላ ይዛ ከምትወርድ፣ ዓሣ ብታጥብ አይሻላትም?»

«ዝም በያት፣ ትወጣ። ቀና ብለን እያየን እንስቃለን።»

አሮይታ ጠርሙሷን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ባውሮ ማልቀስ ትቶ ነበር። ሕፃን ርቦት ዝም ሲል ቤቱ ምን እንደሚመስል የወለደች ታውቀዋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ደጅ ተቀምጧል። አሮይታ ባውሮን አቅፋለች። ዛፉ ላይ ዘፈን ተጀመረ።

የቴካይ ዘፈን ነው። ድምፁም የቴካይ ነው፤ ትንሽ ሻከር ያለው፣ ከመጨረሻው ቃል በፊት ትንፋሽ የሚያጥረው። ሰው ሁሉ አሮይታን አየ። እሷ እዚያው ናት፣ ሕፃኑ ጭኗ ላይ። አማቴ፣ «ውሾቹ አልጮሁም፤ ዛፉ ሥር ሄደው ጅራታቸውን ቆሉ» ትለኛለች። የአሮይታ እናት ተነስታ የባሏን ሳህን አጠበችና ሩዝና ዓሣ አቀረበችበት። ማንም ተይ ያላት የለም።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት ተዘፈነ። በሦስተኛው ቀን የቴካይ ታላቅ ወንድም ካቡናሬ ዛፉን ሊቆርጥ መጥረቢያውን ይዞ መጣ።

«አጎቴ፣ ዛፉ ከተቆረጠ ባውሮ ምን ይጠጣል?» አለችው አሮይታ።

«ሙት የተቀመጠበት ዛፍ የሚሰጠውን ልጅ አይጠጣውም።»

«ሲጠጣ ነው የሰነበተው።»

«ታዲያ ለዚያ አይደለም እንዴ እንዲህ የከሳው?»

«የከሳው እኔ ስለማልችልበት ነው» አለች። «ዛፉ ምንም አላደረገም። እጄ ነው የማያውቀው። ማን አስተማረኝ? እርስዎ አስተማሩኝ?»

ካቡናሬን እንደዚህ ተናግሮት የሚያውቅ ልጅ የለም። መጥረቢያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«የዛሬን ምሽት ይስጡኝ። እሱ ሲዘፍን እወጣለሁ።»

«እሱ ላይ እያለ?»

«ላይ እያለ።»

ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠይቄያታለሁ። ሁለቱን ምሽት ሌላው ሰው ሲፈራ እሷ ፈርታም ቢሆን ታዳምጥ ነበር። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ይጎተታል፣ ከባድ ነገር እንደሚገፋ ሰው። ሌላ ቦታ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ጥርሱ ገመድ እንደያዘ ሰው እፍን ይላል። «አባቴ ሲዘፍን አልነበረም የምሰማው» አለችኝ። «ሲሠራ ነው።»

ሲመሽ ዘፈኑ ተጀመረ። አሮይታ በግንዱ ላይ የተቆረጡትን መርገጫዎች ይዛ ወጣች። ድምፁ መጀመሪያ ከራሷ በላይ ነበር። ግማሽ ላይ ስትደርስ ትንፋሹ ሳይቀር ተሰማት። አናቱ ላይ ስትወጣ ፊት ለፊቷ ሆነ፣ ከቅጠሉ ወዲያ፣ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት። ሰው የለም። አንደኛው ዝንጣፊ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ጎብጧል፤ ነፋስም አልነበረም።

ወደዚያ አላየችም። እምቡጡን ብቻ አየች።

ድምፁ ሲጎተት፣ እምቡጡን በሁለት መዳፏ ጨብጣ ከሥሩ ወደ ጫፉ እየጫነች አጎነበሰችው። እስከዚያ ቀን እንዳይሰበርባት ፈርታ አጎንብሳው አታውቅም። ድምፁ እስኪያርፍ አልለቀቀችም፤ ውስጡ የሆነ ነገር ሲላላ መዳፏ ላይ ተሰማት። ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ላጠች፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ስስ ልጣጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ለካ እሷ በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጋ ስትገምሰው ነው የሰነበተችው። ድምፁ ሲታፈን ገመዱን በጥርሷ ይዛ አጠበቀችው።

ዘፈኑ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ። እሷም አብራው ዘፈነች።

«ሁለት ድምፅ ሰማን» ትላለች አማቴ። «ከዚያ መሐል ላይ አንዱ ጠፋ። የጠፋው የወንዱ ነው።»

አሮይታ ወርዳ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ካቡናሬ ምን እንዳየች አልጠየቃትም። «የነገውን ጠርሙስ አይቼ እወስናለሁ» ብሎ መጥረቢያውን እንደያዘ ዛፉ ሥር አደረ።

አሮይታ ይህን ስትነግረኝ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ስለ ሙት አይደለም። ያቺ ልጅ አባቷ በሕይወት እያለ አንድ ክረምት ብቻ አጠገቡ ቢያስቀምጣት ኖሮ፣ ሙያዋን በተራበ ሕፃን ላይ ባልተማረች ነበር። እጅ በደህናው ቀን ሲማር ይሳሳታል፣ ይስቁበታል፣ ይደግማል፤ ማንም አይጎዳም። በክፉ ቀን ሲማር ግን የሚሳሳተው በሰው ነፍስ ነው።

«በዚያ ምሽት ሳትሞቺ መትረፍሽ ይገርመኛል» አልኳት። «እኔ ብሆን ልቤ ቀጥ ይል ነበር።»

«በዚያ ምሽት አይደለም የፈራሁት» አለችኝ።

የፈራችው በማግስቱ ጠዋት ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ወጣች። አናቱ ላይ ደርሳ ጠበቀች። ምንም የለም። ዝንጣፊው ቀጥ ብሏል። ባሕሩ እንኳ ድምፅ የለውም። ካለፈው ምሽት ይልቅ ያኔ ነው ሰውነቷ የቀዘቀዘው፤ ያ ቦታ ባዶ መሆኑን ቆዳዋ አወቀው። የሚጀምርላት የለም። የት ላይ መጫን እንዳለባት፣ የት ላይ መተው እንዳለባት የሚነግራት የለም። ብትሳሳት ካቡናሬ ከታች ተቀምጧል፤ ብትወርድም ያው ነው። ግንዱን አቅፋ ፀሐይ ከውኃው እስክትለቅ ቆየች።

ከዚያ ራሷ ጀመረች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ፤ መንደሩ ሁሉ ሰማው። ሲጎተት ጫነች፣ ሲቆራረጥ ላጠች፣ ሲታፈን አሰረች።

ያወረደችው፣ ሌሊቱን ሲንጠባጠብበት ያደረው ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልቶ ነበር። ባውሮን እናቱ ይዛ ነበር የምትጠብቀው፤ ትንሽ በትንሽ አጠጡት። ሦስት ጊዜ ዋጠና ማልቀስ ጀመረ፤ ጨምሩልኝ የሚል፣ የተናደደ ልቅሶ። እናቱ እየሳቀች አለቀሰች።

ካቡናሬ ከጠርሙሱ አፍ አንዲት ጠብታ በጣቱ ቀመሰ። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ከሰዓት እኔ ጋ ነይ» አላት። «ከውኃ ጉድጓዱ ማዶ ያለው ዛፌ ላይ አዲስ እምቡጥ አለ። አስተሳሰሩን ላሳይሽ፣ ዓይኔ ሳይደክም።»