ጫጩቶቹና የመርሳው መስታወት ሠሪ

ከወልድያ የወጣሁት ኮምቦልቻ አድሬ ሁለት መቶ የአንድ ቀን ጫጩት ላመጣ ነበር። ግራና ላሉ ዶሮ አርቢ ሴቶች አደርሳለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ መንገዱን እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ።

ውርጌሳ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

በማግሥቱ ጫጩቶቹን በካርቶን ጭኜ ስመለስ፣ ውርጌሳን እንዳለፍኩ ከፊት ለፊቴ የመጣ የጭነት መኪና ጠጠር አስፈንጥሮ የግራውን የኋላ በር መስታወት መታው። መስታወቱ እንደ በረዶ ካርቶኖቹ ላይ ረገፈ። ካፊያ ነበር፤ ነፋሱም ይገባል። ጫጩት ከበረደው ብዙ አይቆይም። ካርቶኖቹን በጋቢዬ ሸፍኜ ቀስ እያልኩ መርሳ ገባሁ።

መርሳ

የመስታወት ሠሪ ቤት ስጠይቅ ሁሉም ወደ ጋሼ ወርቁ መሩኝ። የመስኮት መስታወት እየቆረጡ አገኘኋቸው። የመኪናዬ መስታወት ዝርግ ስለሆነ ከዚያው ቆርጠው ቶሎ እንዲገጥሙልኝ ለመንኳቸው።

«አይሆንም ልጄ» አሉኝ። «ይሄ የቤት ነው፤ ሲሰበር ቢላ ይሆናል። ያንቺው ረገፈ እንጂ ማንን ቆረጠ?»

«ጋሼ፣ ጫጩቶቹ ያልቁብኛል።»

«እነሱን ለእትዬ አበበች ተያቸው።»

ባለቤታቸው እትዬ አበበች ከሰል ደጅ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ሲያልቅ ካርቶኖቹ ወዳሉበት ክፍል አስገቡ፤ በሩንም ገርበብ አደረጉት። ጋሼ ወርቁ ወልድያ ደውለው፣ ከአሮጌ መኪና የወለቀ ተመሳሳይ መስታወት በሚኒባስ እንዲላክልን አደረጉ።

እስኪመጣ ድረስ ስብርባሪውን ሲጠርጉ ቆዩና የቀኙን የኋላ መስታወት በጣታቸው አንኳኩ። ጎንበስ ብለውም ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አዩ። የመኪና መስታወት ጥግ ላይ የፋብሪካ ማኅተም አለው፤ እዚህኛው ላይ የለም።

«ይሄ የቤት ነው። ማን ገጠመው?»

መኪናዋን ስገዛት እንደዚያው እንደነበረች ነገርኳቸው።

«በዚህ በኩል ማን ይቀመጣል?»

«ልጄ» አልኩ።

የተላከልን አንድ መስታወት ብቻ ነበር። ለሌላው ወልድያ ማን ጋ እንደምሄድ ነገሩኝ። ስምንት ሰዓት ላይ የግራው ተገጠመ።

ግራና፣ ከዚያም ወልድያ

የግራናን ኮረኮንች በዝግታ ወጣሁት። ሴቶቹ አልሄዱም፤ ይጠብቁኝ ነበር። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ሦስት ጫጩቶች ሞተዋል፤ የቀሩት ይንጫጫሉ። አንዷ እናት፣ በዚህ ብርድ ግማሾቹ እንኳ መትረፋቸውን ተጠራጥረው እንደነበር አጫወቱኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወልድያ ገባሁ። እስከ ዛሬ መኪናዬ በተበላሸች ቁጥር የምጠይቀው ማን ቶሎ እንደሚሠራ ነበር። ከእንግዲህ የምፈልገው አይሆንም ማለት የሚችለውን ነው።

ልጄ ሮጣ መጥታ እንደ ልማዷ የቀኙን በር ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኩ። ምነው ብትለኝ፣ መስታወቱ እስኪቀየር እዚያ እንደማትቀመጥ ነገርኳት።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት በእግራችን ሄድን። መኪናዋ ጋሼ ወርቁ የነገሩኝ መስታወት ሠሪ ደጅ ቆማለች።