ሰሌን ላይ ሃያ ደቂቃ

ወልድያ ውስጥ ከባዱ ሥራ ምንድን ነው ብትሉኝ ድንጋይ ፈለጣ አልላችሁም። በጠራራ ፀሐይ፣ በጤና፣ ብቻን ጋደም ብሎ ዓይንን መጨፈን ነው። ሞክሬዋለሁ፤ ጨርቄን ጥዬ ላብድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የመጣው ከትከሻዬ ነው። ባጃጅ ከተማችን ውስጥ መታየት የጀመረበት ሰሞን ነው፤ እኔ ያኔ አንደኛ ክፍል ፊደል አስተምር ነበር። ቀኝ ክንዴ ቀስ በቀስ ከደረቴ በላይ አልነሣም አለ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሀ»ን እጽፋለሁ ብዬ ሳነሣው ከትከሻዬ እስከ አንገቴ እሳት ይለቅብኛል። ስለዚህ ከሰሌዳው ግርጌ መጻፍ ጀመርኩ፤ ኋላ የተቀመጡት ልጆች ብድግ ብለው ነበር የሚያነቡት። ርዕሰ መምህሩ ይህን አየና ግምገማ ላይ አነሣው። ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር እጄ ሰሌዳው አናት ካልደረሰ ንብረት ክፍል ገብቼ ጠመኔና መጥረጊያ እንዳድል ተወሰነ። ጠመኔ ማደል! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩ ሴት! አምስት ሳምንት ቀረኝ።

መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ቅቤ ቀብቶ አሸኝ፣ ጮህኩ፣ ባሰብኝ። ከዚያ ሐኪም ቤት ስሄድ ፊዚዮቴራፒስት ናት ወደተባለች አንዲት ቀጭን ልጅ ላኩኝ።

«ትከሻሽን አውርጂው» አለችኝ።

«አውርጄዋለሁ» አልኳት።

እጄን ይዛ መስኮቱ ጋ ወሰደችኝና በመስተዋቱ ራሴን አሳየችኝ። ኧረ በስማም! ቀኝ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ተሰቅሏል። «ስንት ዓመት ነው እንዲህ ይዘሽው የኖርሽው?» ስትለኝ፣ መያዜንም አላውቅም ነበር። ኪኒን ትሰጠኛለች ስል ተኚ አለችኝ። አልጋ ላይ አይደለም፣ አልጋ ይሰምጣል፤ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፎ በጀርባ፣ ሃያ ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። እንቅልፍም አይደለም። ከእግር ጣት ጀምሮ ጠበቅ ማድረግ፣ መልቀቅ፣ ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል ልብ ማለት። ከዚያ ባት፣ ጉልበት፣ ጭን እያሉ ወደ ላይ መውጣት። «ትከሻሽ ጋ ስትደርሺ እንዳትታገይው» አለችኝ፤ «ትንፋሽሽን ስታወጪ እሱ ራሱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው እጅሽን የምናነሣው።»

«ይኼው ነው?» አልኳት፤ ሳቄ መጥቶ ነበር።

«ከባድ ነው» አለችኝ።

ገበያ ወርጄ ሰሌን ገዛሁ። የምኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በሬ ግቢው ላይ ነው የሚከፈተው። በቀን በር መዝጋት ደግሞ በእኛ ግቢ ነውር ነው፤ ወይ ተጣልታለች ወይ የምትደብቀው አላት ያሰኛል። እናም በሬን ገርበብ አድርጌ ተኛሁ። ጣቴን ጠበቅ፣ ለቀቅ። ባቴን ጠበቅ፣ ለቀቅ። ጉልበቴ ላይ ስደርስ ወንፊት ሊዋሱ የግቢው ባለቤት እትዬ ብቅ አሉ።

«ኡኡ! ኡኡ! በሰሌን!»

ብድግ ስል ጭራሽ ጩኸታቸው ባሰ። ለካ እግሬን ገጥሜ፣ እጆቼን ከጎኔ አስተካክዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሬሳ በሚጠቀለልበት ሰሌን ላይ ተጋድሜያለሁ! ሰሌኑን ስገዛ እኔ ያሰብኩት ስለ ርካሽነቱ ብቻ ነው። የቀረኝ ቀባሪ ነበር። ትከሻዬን፣ ትንፋሼን፣ ሐኪሟን እያነሣሁ ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። ከዚያ ሁሉ እሳቸው የሰሙት «ሐኪም» እና «ተኚ» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠያቂው ጎረፈ። «እግዜር ይማርሽ!» አንዷ የአጃ ሾርባ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ጠበል ይዛ። ደግነታቸውን መቼ አጣሁት? ግን ሰው ገብቶብኝ እንዴት ልተኛ? እነሣለሁ፣ ወንበር አቀርባለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። «አንቺ አትነሺ እንጂ!» ይሉኛል ሻዩን እየተቀበሉ። ከዚያ ሕመሜን ይጠይቁና በዚያው ሕመም የሞተ ሰው ያወሩልኛል። «እንዲሁ በትከሻ ጀምሯት ነበር እኮ፣ ነፍሷን ይማረውና።» ሆሆይ! በሩን ዘግቼ ብሞክር ደግሞ «ዛሬስ ከፍቶባታል፣ በር ዘግታለች» ብለው ሊሰብሩት ደረሱ። የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቁርባን አስቤ እንደሆነ በቀስታ ጠየቁኝ።

ጠዋትም ከሰዓትም ኮቴ እየሰማሁ፣ አሁን ማን ይገባ ይሆን እያልኩ፣ ትከሻዬ ጭራሽ ወደ ላይ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሟ ጋ ስመለስ «እንዴት ነው፣ የት ደረስሽ?» አለችኝ።

«ጉልበቴ ጋ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከጉልበቴ በላይ ወጥቼ አላውቅም።

ወሬው በዚህ መሀል መንገድ ጀምሯል። በሚኒባስ መርሳ ሲደርስ አልጋ ይዣለሁ። ከመርሳ በገበያተኛ አፍ ዳገቱን ወጥቶ አባቴ ቀዬ ሲደርስ ደግሞ ሰሌን ተገዝቶልኛል። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሐብሩ ደጋው ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ወሬው የደረሳቸው አውድማ ላይ ነው።

እኔ ይህን የት አውቄ! ያን ቀን ከሰዓት እንደ ልማዴ ተጋድሜ ጉልበቴ ላይ ስደርስ በሩ ሲጢጥ አለ። የዱላ ኳኳታ፣ ከዚያ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው። ደሜ ፈላ። ዓይኔን እንኳ ሳልገልጥ ጮህኩ፦ «አልሞትኩም! አልታመምኩም! ስለ ማርያም ብላችሁ ልቀቁኝ፣ ውጡልኝ!»

ከዚያ «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዓይን ለዓይን ስንተያይ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ላንሣቸው ስል ቀኝ እጄ እምቢ አለኝ፤ በግራዬ ይዤ አስገባኋቸው። ከዚያ በንዴት ይሁን በሀፍረት እንጃ፣ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ስለ ክንዴ፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ፣ ስለ ጠመኔው፣ ስለ ሾርባው ሁሉንም ነገርኳቸው።

ስጨርስ «ሐኪሟ ሃያ ደቂቃ ነው ያለችሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ሰው ሳይገባብሽ?»

«ሰው ሳይገባብኝ።»

«ተኚ» አሉኝ። በርጩማዬን ይዘው ወጡ፣ በሩን ከውጭ ገጠሙትና እዚያው በሩ ሥር ተቀመጡ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ መጡ። «ልጄ ሥራ ላይ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው አባቴን።

«ተኝታ አይደል እንዴ?»

«ሥራዋ ነው። ስትጨርስ ይመጣሉ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኚህ ሰውዬ እኮ በቀን የተጋደመ ሰው ማየት የማይወዱ፣ ልጆች ሳለን ወንድሞቼ ጥላ ሥር አረፍ ሲሉ በሬ እንደጠፋበት ሰው ይንጎራደዱ የነበሩ ናቸው! በማግስቱ የንስሐ አባቴ ሲመጡም አባቴ መስቀል ተሳልመው «ሥራ ላይ ናት አባ» አሉና አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ አዝመራ አጫወቷቸው። እኔ ውስጥ ሆኜ እየሰማሁ ከጉልበቴ አለፍኩ።

ትከሻዬ ጋ ስደርስ ተአምር አልተፈጠረም፤ እንዳትጠብቁ። ትንፋሼን አወጣሁ፣ አልወረደም። በማግስቱም አልወረደም። «እሱ ራሱ ይወርዳል ያለችኝን ልጅ ባገኛት!» እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ የነከስኩትን ጥርስ ልብ አልኩና ለቀቅሁት። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ቀን የትከሻዬ ጀርባ አንድ ነገር ነካ። ደንግጬ ዓይኔን ገለጥኩ። የነካው ሰሌኑን ነው። ያን ሁሉ ቀን ስተኛ ትከሻዬ መሬት ነክቶ አያውቅም ነበር።

አባቴ እህላቸውን አውድማ ላይ ለጎረቤት አደራ ብለው፣ የመንፈቁ ዕረፍት አልቆ ትምህርት ቤት እስኪከፈት በቀን ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ተቀመጡልኝ። ሐኪሟም እጄን በየጊዜው ከፍ እያደረገች አለማመደችኝ፤ ትምህርት በተከፈተ ዕለት «ሀ»ን ከራሴ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ጻፍኩት። ማማሩ ይቅር፣ ጎበጥ ብሏል። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ አለፈ። ክፍሌ ለእኔው ሆነ።

በማግስቱ አባቴን መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የመርሳው መኪና ገና እየጫነ ነበር። ልሰናበታቸው ስጠጋ ትከሻዬን አዩት፤ ከዚያ ወደ መሬት ተመለከቱ።

«እናትሽም ትከሻዬን ትል ነበር» አሉ።

አላውቅም ነበር። ለእኔ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።

«በር ላይ ተቀምጬላት አላውቅም» አሉ። «ተነሺ ነበር የምላት።»

ጋቢያቸውን በቀኝ እጄ ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው።

«ይግቡ በቃ አባዬ፣ ወንበር ይያዝብዎታል» አልኳቸው።