የጌጤ እጅና የሠናይት እባብ

ጌጤና እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ግቢ ስንኖር ሠላሳ አራት ዓመት ሆነን። የእሷ ቤት ከበሩ በስተቀኝ፣ የእኔ በስተግራ ነው። ስለ ልጇ ስለ ሠናይት የምጽፈው ሁሉ በዓይኔ ያየሁት፣ አለዚያም ከራሷ አፍ የሰማሁት ነው።

ሠናይት ዘጠኝ ዓመት ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የዛሬ ሁለት ዓመት ተመለሰች። እንደተመለሰች ገበያው ዳር ካለው ከዙለይካ የቅመም ሱቅ ገባች። ኮረሪማ ትፈለፍላለች፣ ጥቁር አዝሙድ ታበጥራለች፣ ማታ ስትገባ ቀሚሷ ቅርንፉድ ይሸታል። ከእናቷ ጋር ጠብ የላቸውም። ጨዋታም የላቸውም። "ጨው አልቋል" ትላለች አንዷ። "እሺ፣ ነገ አመጣለሁ" ትላለች ሌላዋ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት አለፈ።

እባቧ የመጣችው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ጌጤ ለዶሮዎቿ ጉዝጓዝ የሚሆን የሩዝ ገለባ ከይፋግ ታስመጣለች። ማዳበሪያውን ስንዘረግፈው ከገለባው ጋር የጫማ ማሰሪያ የምታህል ነገር ወደቀች። ጌጤ መጥረጊያ አነሣች። እኔ ወደ ቤቴ ደጃፍ ሸሸሁ። ሠናይት ግን ጎንበስ ብላ አየቻትና መዳፏን ዘርግታ ከለለቻት።

"አትምቻት፣ እማ። መርዝ የላትም።"

"ማን ነገረሽ? እሷ ነገረችሽ?"

"የአሠሪዎቼ ልጅ እንደዚህ ያሉ ሦስት ነበሯት። የማጸዳላቸውም የማበላቸውም እኔ ነበርኩ።"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እባብ ስትቀልቢ ኖረሽ ነው እንዲህ ከስተሽ የመጣሽው?"

ሠናይት እባቧን በሁለት እጇ አቅፋ ይዛ፣ "ላኑራት" አለች። ከተመለሰች ጀምሮ እናቷን አንድ ነገር ስትለምን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ጌጤም የሰማችው ያን ቀን ይመስለኛል፤ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

"አኑሪያት" አለች በመጨረሻ። "አይጥ ግን ለእሷ ብለሽ ወደ ቤቴ አታስገቢም። ዕድሜዬን ሙሉ አይጥ ከጎተራዬ ሳባርር ኖሬአለሁ።"

ጠጋ ብዬ ማየት የጀመርኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ቀለሟ የተቆላ ገብስ ይመስላል። ከአፍንጫዋ ተነሥቶ በዓይኗ ላይ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ መስመር በግራም በቀኝም አላት። ውፍረቷ ከእስክሪብቶ አይበልጥም። የጀርባዋ አጥንት እንደ ቤት ጣራ ሾጥጦ ወጥቷል፤ ጎኗ ላይ ቆዳዋ ተሸብሽቧል። ሠናይት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን በጋለ ምስማር በሳሳች። ከታች ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈች። መደበቂያ እንዲሆናት የቅል ግማሽ ደፋችላት፤ ውሃም በቆርቆሮ ክዳን አኖረችላት። ደብረ ታቦር ለይፋግ እባብ ብርድ ነውና ሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከሣጥኑ ሥር ትከታለች። ለሥራ ስትሄድ ሙቅ ውሃውን የምቀይረው እኔ ነኝ። "ክዳኑን እንዳይከፍቱት ብቻ፣ እትዬ አዛሉ" አለችኝ። አልከፈትኩትም።

እባቧ ግን አልበላችም። እንቁላል አመጣችላት፣ የዶሮ ሥጋ በጣቷ ቆርጣ አኖረችላት። አላየችውም። በየሳምንቱ በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ወደ ሱቁ ትወስዳትና ደንበኛ ሳይመጣ በዙለይካ ትንሽ ሚዛን ትመዝናታለች።

"በዚህ ሚዛን ሄል ነው የምመዝን" ትላለች ዙለይካ። "ሰው ቢሰማ ከእኔ የሚገዛ ያለ ይመስልሻል?"

"ከረጢቱን እንጂ ሚዛኑን አልነካችም።"

"እሱንማ አይቻለሁ። ለመሆኑ ስንት ሆነች?"

"ስምንት ግራም ነበረች። ዛሬ ሰባት።"

"አንድ ቁንጥር ቅመም ናት እኮ፣ የእኔ እናት" አለች ዙለይካ። ይህን የነገረችኝ ሠናይት ናት። ዙለይካ ከዚያ ወዲህ መቀለዷን ትታ ሚዛኑን ራሷ ታቀርብላት ጀመር።

ወፍጮ ቤት ያለው ጥላዬ ደግሞ ሠናይት ባለፈች ቁጥር፣ "ዘንዶሽ እንዴት አደረች?" ይላታል።

"ሰባት ግራም ሆናለች።"

"ሰባት ግራም ዘንዶ! እንግዲህ ከተማውን ልትውጠው ነው።"

ግን ከጆንያዎቹ ሥር የአይጥ ጎጆ የሚያገኘው እሱ ነው። ሠናይት ገና ጠጉር ያላበቀሉ የአይጥ ልጆች ሲያገኝ እንዲያስቀምጥላት ለመነችው። ሳቀባት፤ ቢሆንም አስቀመጠላት። እናቷ እንዳታይ በሻርፕ ጫፍ ቋጥራ ታመጣቸዋለች፤ ሞቅ ባለ ውሃ አሙቃ በቅሉ አፍ ላይ ታኖራቸዋለች። የመጀመሪያውን እባቧ አልነካችም። ሁለተኛውንም አልነካችም። ሠናይት ሁለቱንም ጓሮ ቀበረቻቸው።

አንድ ቀን አንጀቴ አልችል ብሎ ወተት በስኒ ይዤ ሄድኩ። "አፏን ከፈት አድርገሽ ጠብ ብታደርጊላትስ?" አልኳት።

ሠናይት ስኒውን ተቀበለችኝና መሬት አስቀመጠችው። "እትዬ አዛሉ፣ አልበላ ያለን አፉን ይዞ ማብላት መግደል ነው። በርዷታል፣ ፈርታለች። ሙቀትና ዝምታ ካገኘች የቀረውን ራሷ ታውቀዋለች። አንዴ ከበላች ትድናለች። ከበላች በኋላ ግን አራት ቀን ሰው አይነካትም። ከነኳት የበላችውን ትመልሳለች፤ እንዲህ የከሳች ደግሞ አንዴ ከመለሰች አትተርፍም።"

ቀና ብላ አላየችኝም። ስለ ማን እንደምትናገር ግን አውቄአለሁ።

ሠናይት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እዚሁ እናቷ ቤት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ሕፃኑ በሁለተኛ ወሩ ጡት እንቢ አለ። ጌጤ በእጇ የታወቀች ናት፤ ከጋፋት፣ ከጉና ሥር ሳይቀር ሆዱ የተነፋ ሕፃን ታቅፈው ይመጡላታል፤ በቅቤ ታሻለች። የልጅ ልጇንም አሸችው፤ ቅቤ አዋጠችው። አልሆን ሲል እንጥሉ ወርዶበታል ተባለና ቆራጭ ተጠራ። ከተቆረጠ በኋላ ሕፃኑ አምስት ቀን ቆየ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ሁሉም የተደረገው በፍቅር ነበር። ሠናይት አንድ ቃል ሳትናገር ዓመቱ ሲሞላ ከባሏ ተለያይታ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ለእባቧ የምታደርገውን ሁሉ ሳይ፣ ያን ጊዜ ያልተናገረችውን አሁን በእጇ የምትሠራው ይመስለኝ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ፣ በአንድ ዓርብ ዕለት ወደ ማምሻው ላይ ሠናይት በሬን ቆርቁራ ገባች። ፊቷ ተለውጧል።

"በላች" አለችኝ በሹክሹክታ። "ከቅሉ አንገቷን አውጥታ አሸተተችው፤ ከዚያ ዋጠችው።"

"በዓርብ ቀን?" አልኳት።

ሳቀች። ከሄደች ጀምሮ ሳቋን አልሰማሁትም ነበር። ወዲያው እጄን ያዘችኝ። "አይጥ ማስገባቴን እማ እንዳትሰማ። እስከ ማክሰኞ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ራሴ እነግራታለሁ። ለማንም እንዳይናገሩ።"

"አልናገርም" አልኩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው። ሠናይት ማልዳ ወደ ሱቁ ሄደች። ሦስት ሰዓት ገደማ ጌጤ ከደጃፏ ጠራችኝ። ሣጥኑን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። "ልጄ ሁለት ወር ስትንከባከባት እኔ ዝም ብዬ ማየት አልሆንልሽ አለኝ፤ ፀሐይ ትሙቅ ብዬ ነው" አለች። ክዳኑ ተከፍቷል።

"ነይ እስኪ እይ፣ አዛሉ። ሆዷ ተቋጥሯል።"

አየሁ። የእባቧ መካከል እንደ ባቄላ ፍሬ አብጧል። ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

"ተይው፣ ጌጤ" አልኩ።

"እንዴት እተወዋለሁ? ነፋት እኮ ነው። ሁለት ወር እህል ያልቀመሰ ሆድ እንዲህ ሲሆን እኔ አላውቅም? ስንቱን አሽቼ አድኛለሁ።"

"ሠናይት አትንኳት ብላለች።"

"ሠናይት ልጅ ናት። ስትመጣ ድና ብታገኛት አትወድም?"

ይህን ስትል ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ነበር። ልጇን ለማስደሰት ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ያጣች ሴት ናት፤ አሁን ያገኘች መሰላት። አይጥ በልታ ነው ማለት ነበረብኝ። ቃል ሰጥቻለሁ አልኩ በልቤ። እውነቱ ግን፣ ጌጤ ቆርጣ በተነሣችበት ነገር ፊት ተናግሬ አላውቅም። ዝም አልኩ።

ጌጤ እጇን ታጠበች። ለጋ ቅቤ በጣቷ ጫፍ አነሣች። እባቧን በግራ መዳፏ ላይ አጋድማ በቀኝ አውራ ጣቷ ከሆዷ ወደ ላይ፣ ቀስ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ማሸት ጀመረች። እጇ በእርግጥ ልዝብ ነው። እባቧ ሁለቴ ተጠማዘዘች፤ አፏን ከፈተች፤ የዋጠችውን አወጣችው። ጌጤ መዳፏ ላይ የወደቀውን አየች።

"አይጥ" አለች።

"ትናንት ማታ ነው የበላችው" አልኩ። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

ሠናይት በዐሥራ አንድ ሰዓት ገባች። እናቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ያደረገችውን ሳትደብቅ ነገረቻት። "አይጥ መሆኑን አላወቅሁም" አለች። "ነፋት መስሎኝ ነው። ደብቀሽ ባታስገቢ ኖሮ እኔስ ምን አደርጋት ነበር?"

ሠናይት ሣጥኑን ወደ ቤት አስገባች፤ ሙቅ ውሃ ቀየረች፤ ክዳኑን ዘጋች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

"አንቱ አልነበሩም?"

"ነበርኩ።"

"እና?"

"ዝም አልኩ።"

ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እባቧ እስከ ማክሰኞ አልሞተችም። አንድ ጊዜ ውሃ ስትጠጣ ሁሉ አየናት። ማክሰኞ ጠዋት ግን ቅሉ ሥር ተዘርግታ ተገኘች፤ ሆዷ ወደ ላይ ነበር። ጌጤ የልጇን ፊት አየችና፣ "ለአንድ እባብ እንዲህ ይሆኗል?" አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ለማጽናናት ነበር።

"ለእባብ አይደለም፣ እማ" አለች ሠናይት።

በዚያው ሳምንት ከጋፋት በኩል አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃን ታቅፋ መጣች። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ድምፁ ተዘግቷል። ጌጤ እጇን ልትታጠብ ተነሣች። ሠናይት ወደ ሥራ ልትወጣ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር፤ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ጤና ጣቢያ ውሰጂው" አለቻት ሴትዮዋን።

"እሳቸውን ብዬ ነው የመጣሁት፣ እህቴ። እጃቸው መድኃኒት ነው ብለውኛል።"

"ሄጄ አሳይሻለሁ። ነይ።" ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀበለቻትና ቀድማ ወጣች። ሴትዮዋ ወደ ጌጤ ዞር ዞር እያለች ተከተለቻት።

ሰፈሩ ወዲያው ሰማ። "እባብ አሳዳጊዋ የእናቷን እጅ ከለከለች" ተባለ። ጥላዬ እንኳ ዘንዶዋን መጠየቅ ትቶ፣ "እናትሽን በሰው ፊት ማዋረድሽ ደግ አይደለም" አላት። ለጌጤ ሕፃን የሚያመጣ ግን ከቀን ወደ ቀን አነሰ። በመጋቢት ሠናይት ዙለይካ ሱቅ ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል ዕቃዋን አዘዋወረች። እናቷን ስማ ነው የወጣችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ጌጤና እኔ ደጃፏ ላይ ምስር እየለቀምን ነበር። ጌጤ "የእሷን ሕፃንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ ነው የምታስብ" አለችኝ።

"እንዲያ ብላሻለች?"

"አላለችኝም። አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?"

ምስሩን የያዝኩበትን ሰፌድ መሬት አስቀመጥኩት። "ቆራጩ ሲቆርጠው እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጌጤ" አልኳት። "ሁለታችን ነን።"

ጌጤ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ወደ ቤቷ ገባች፣ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረችው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።