ጮክ ብሎ ማንበብ የተከለከለበት ቤት

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

ሚኒባሱ ሞልቷል ከተባለ በኋላ ሦስት ሰው ተጨመረ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ በባዶ ጄሪካኖችና ልጅ ባዘለች ሴት መካከል ተጣብቄያለሁ። ጉልበቴ ላይ አሥራ ሁለት መጻሕፍት የያዘ ቦርሳ አለ። የምሄደው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ ቀበሌ ነው። እዚያ ያለችው ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በበዓል ቀን በገበሬ ትሞላለች ብሎ የነገረኝ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የቀበሌውን ስም አልጽፍም፣ የሰዎቹንም ቀይሬያለሁ፤ ሰው ይጎዳብኛል።

መራዊን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። የቆጋ መስኖ ቦዮች ውሃ ይዘዋል፣ ማሳው ላይ ግን ሰው አይታይም። በሬዎቹ ቀንበር አልባ ሆነው ይግጣሉ።

«ምነው ሰው የለም?» አልኩ።

«ዛሬ ሃያ አንድ አይደል እንዴ? በማርያም ማን ያርሳል!» አለኝ ሹፌሩ፣ አገሩን እንደማያውቅ ሰው በመስታወቱ እያየኝ።

4 ሰዓት፤ ቡሬ

ቡሬ በርበሬዋን አስጥታለች። ጣራው፣ ግቢው፣ የመንገዱ ዳር ሁሉ ቀልቷል፤ ሲያስነጥሱ የሚውሉት እንግዶች ብቻ ናቸው። አንድ ሽሮ በመቶ ሠላሳ ብር በልቼ ባጃጅ ፈለግኩ። ሰይድ የሚባል ባለ ባጃጅ፣ የነጋዴ ልጅ፣ አምስት መቶ ብሎ ጀመረና በአራት መቶ ተስማማን።

ኮረኮንቹ ላይ እየዘለልን ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ ከወረዳ ነዎት?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«በኮንትራት የሚመጣ፣ ቦርሳና ደብተር የያዘ ሌላ ማን አለ ብዬ ነው» አለ። በጊዜው ሳቅሁ።

5 ሰዓት ተኩል፤ ቤተ መጻሕፍቷ

አንዲት የብሎኬት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ሁለት መስኮት። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ጸጥታ ይከበር» ተብሎ ተጽፏል። ወደ ውስጥ ስገባ እግሬ ቆመ። ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልተው እያንዳንዳቸው የተከፈተ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰዋል። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አራት ናቸው። የሚያስል እንኳ የለም።

ልቤ ሞላ። ጥግ ይዤ ደብተሬን አወጣሁና «ይህን ላላየ ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው!» ብዬ ጻፍኩ። ሌላም ብዙ የሚያሳፍር ሙገሳ ጽፌያለሁ።

ሩብ ሰዓት አለፈ። አንድ ገጽ እንኳ ሲገለጥ አልሰማሁም። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አመልካች ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ ሰክተዋል፤ ጣቱ ንቅንቅ አይልም። ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ምን እያነበቡ ነው?» አልኳቸው በሹክሹክታ። ዞረው የቤተ መጻሕፍቷን ሠራተኛ አዩ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ናት። እየተጣደፈች መጣች።

«ጥፋት ካለ ለኔ ይንገሩኝ» አለች። «እነሱን አይጠይቁብኝ።»

«ኧረ የምን ጥፋት! ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ መጻሕፍት ይዤ መጣሁ።»

«ከወረዳ አይደሉም?»

«አይደለሁም።»

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሠላሳ አራት መጽሐፍ ጧ ጧ እያለ ተዘጋ። ሽማግሌው ማጅራታቸውን እያሹ፣ «ኤዲያ! አንገቴን ሰበሩኝ እኮ!» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ትርንጎ ብቻ ወደ በሩ አየች።

ከሠላሳ አራቱ ማንበብ የሚችሉት አራት ናቸው።

ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ስትመደብ መጻሕፍቱ አቧራ ይጠጡ ነበር። ገበሬው ደግሞ በየበዓሉ ሥራ ፈትቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። በአንድ ሚካኤል ጠራቻቸውና ጮክ ብላ አነበበችላቸው። በቀጣዩ በዓል እጥፍ ሆነው መጡ። የተባይ መድኃኒት አጠቃቀም አነበበችላቸው፤ መድኃኒቱን በባዶ እጁ ሲያማስል የኖረ ሰው ጓንት ገዛ። የቤተሰብ ሕግ አነበበችላቸው፤ አንዲት ሴት በማግስቱ ሄዳ ስሟን የመሬት ደብተሩ ላይ አስጻፈች። ከዚያ ልብ ወለድ ጀመሩ፤ ያለ ፈቃዷ ተድራ ከሠርጓ ሌሊት ስለጠፋች ልጅ። በየበዓሉ አንድ ምዕራፍ።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪ ደረሰ። ሰው እየሳቀ፣ እየተከራከረ፣ ሙሽራውን እየረገመ ነበር። የአንባቢ መዝገቡን ከፈተ፤ የፈረሙት አራት ናቸው። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ ክፍሉ ከዓላማው ውጭ ውሏል፣ ጸጥታ ካልተከበረና በቂ አንባቢ ካልታየ ለሌላ አገልግሎት ይሰጣል።

«ዛፍ ሥር ብታነቢላቸውስ?» አልኳት።

«መጽሐፍ ከክፍሉ አይወጣም፤ መመሪያ ነው።»

ውስጥ ድምፅ አይሰማም፣ ውጭ መጽሐፍ አይወጣም። ይህን ያወጣውን ሰው ጭንቅላት ከፍቼ ባየው ደስ ይለኝ ነበር! ማንበብ የማይችል ሰው ከመጽሐፍ ጋር የሚገናኝበት አንዲት መንገድ ድምፅ ናት፤ እሷን ዘግተው «በቂ አንባቢ አምጪ» ይሏታል። ገበሬዎቹ ታዲያ ክፍሉ እንዳይወሰድባቸው ብለው በየበዓሉ መጥተው ያጎነብሳሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ሽማግሌው፣ አያ ቢሻው፣ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አንቱ የተማሩ ነዎት። ልጅቱ ወንዝ ዳር ከቆመች ሦስት ወር ሆናት። ውሃው ሞልቷል፣ ወንድሞቿ ከኋላ ደርሰዋል። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ እሷ ግን አልተሻገረችም። ትርንጎን ብጠይቃት ‹ሲነበብ ነው እንጂ ሲወራ አይጥምም› ትለኛለች። ተሻገረች ወይስ ያዟት?»

«መጽሐፉን አላውቀውም፤ ግን አሁኑኑ ላንብብልዎ» ብዬ ተነሳሁ።

ትርንጎ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ተዉ ጋሼ። አንቱ አንብበው ይሄዳሉ፤ ደብዳቤው ለኔ ነው የሚመጣ። ሁለት ልጆች አሉኝ።»

ተቀመጥኩ። ያመጣኋቸውን መጻሕፍት በሁለት እጇ ተቀበለችኝና አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። «ሲነበብ የሚጥም አለበት?» አለች ቀስ ብላ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ፍኖተ ሰላም

ፍኖተ ሰላም አድሬ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ በሚጋፉበት አስፋልት ላይ ስሄድ ለኃላፊው የምለውን ቃል በቃል አዘጋጅቻለሁ። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ለስብሰባ እዚህ መሆኑን ሰምቼ ነው። የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ይቅር። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ይህም አናደደኝ፤ ባለጌ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የቀበሌውን ስም ስጠራ ፊቱ በራ።

«ያቺ ቤተ መጻሕፍት! ድሮ ጫጫታ ነበረባት። ደብዳቤ ከጻፍን ወዲህ ግን ሞዴል ሆነችልን። ባለፈው ባልደረባዬ ሄዶ ያነሳውን ይዩ።»

ስልኩን ሰጠኝ። ፎቶው ላይ የተደፉ ራሶች ተደርድረዋል። አያ ቢሻው ከፊት ናቸው፤ ጣታቸው መስመሩ ላይ ነው።

«ዲሲፕሊኑን አዩ?» አለኝ። «ነገ ጊዮርጊስ ስለሆነ አንባቢው ይበዛል። ከሦስት ቀበሌ ሃያ ሰው ለልምድ ልውውጥ እንወስዳለን። አስቀድመን አልነገርናትም፤ ድንገት ነው የምንገባው።»

ደሜ ፈላ። «ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ?» ልለው አፌን ከፈትኩ። ከፍቼም ቀረሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። እውነቱን ብነግረው እነዚያ ሰዎች አስመሳይ፣ ትርንጎ አጭበርባሪ ሊባሉ ነው፤ ክፍሉም ያኔውኑ ይሄዳል። ዝም ካልኩ ደግሞ ሃያ ሰው ሄዶ ማጎንበስን ተምሮ ይመለሳል፤ በሦስት ቀበሌ ሌላ ሦስት ድዳ ቤት ይከፈታል።

«ጥሩ ነው» አልኩት። አገር ልገለብጥ የገባሁት ሰውዬ! ይህችን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስጽፋት እንኳ ታሳፍረኛለች። ሻይ አዘዘልኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ።

6 ሰዓት፤ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ

ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ቦርሳዬ ጣራ ላይ ተጭኗል። ረዳቱ «ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ለትርንጎ ደወልኩ። ቢያንስ እንድትዘጋጅ ብዬ ነው፤ ሰዎቹን በጊዜ እንድትሰበስብ፣ ጋቢያቸውን እንዲያስተካክሉ። ማስመሰሉን ላግዛት ነበር የፈለግኩት።

ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ «ከሃያዎቹ ማንበብ የማይችል ይኖር ይሆን?» አለችኝ።

«ከገጠር የሚመጡ ናቸው፤ ሳይኖር አይቀርም።»

«እነሱንም ‹አጎንብሱ› ልበላቸው?» ድምጿ ወፈረ። «አላደርገውም ጋሼ። አያ ቢሻው የአባቴ እኩያ ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ እንደ ሌባ አስጎነበስኳቸው፤ ማታ ማታ እያሰብኩት እንቅልፍ አጣሁ። ነገ ሁሉም ገብቶ ሲቀመጥ ካቆምንበት ከፍቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ።»

«ኃላፊው ፊት?»

«ፊቱ ነዋ! ለማን እንደማነብ በዓይኑ ይይ። ቢያባርረኝም ምዕራፉን ጨርሼ ነው የምወጣ።»

«ልጆችሽስ?»

«እነሱም ይመጣሉ፤ ይስሙ» አለችና ዘጋችው።

የሰበሰብኩትን ቁጣ ሁሉ ቢሮ ውስጥ በሻይ አወራርጄው ወጥቻለሁ፤ እሷ ግን እንጀራዋን አስይዛ ልትቆም ነው። ከወንበሬ ተነሳሁና ረዳቱን ቦርሳዬን አውርድልኝ አልኩት።

«ጋሼ፣ ልንወጣ ነው እኮ! የት ሊሄዱ ነው?»

«ነገ የሚነበብልኝ መጽሐፍ አለ» አልኩት።

እያጉረመረመ አወረደልኝ። ሚኒባሱ ያለ እኔ ወጣ።