እናቴ የረገመቻት አገር

ትናንት አንድ የወታደር ኦራል አጠገቤ ሲያልፍ የናፍጣው ጭስ ጉሮሮዬን ያዘኝና ቆም አልኩ። ያ ሽታ ሁልጊዜ በደርግ ዘመን አራተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ጊዜ ይመልሰኛል።

ታላቅ ወንድሜን ለውትድርና ወደ ሁርሶ ማሰልጠኛ የወሰደው እንዲህ ያለ መኪና ነበር። በሦስተኛው ቀን ከእናቴ ጋር ቦኖ ውሃ ተሰልፈን ሳለ ኦራሎች ተከታትለው አለፉ። አቧራው ባልዲያችን ውስጥ ገባ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ "ይህን መኪና የላከች ሩሲያ፣ እንደኔ ቤቷ ባዶ ይቅር!" አለች።

ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን ሳቀች። "አቦ አንቺ ደሞ! ሩሲያ የት ትሰማሻለች? መራገም ካማረሽ እኔን እርገሚ፣ ቅርብሽ ነኝ።"

"አንቺ ልጄን የምትጭኚበት መኪና አለሽ?" አለቻት እናቴ።

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት አንዱ ግን ወሬውን ለቀበሌው ሊቀመንበር አደረሰ።

እሁድ በቀበሌው ስብሰባ እናቴን አቆሟት። የአዳራሹ ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል። በመስኮቱ በኩል የቀበሌው እስር ቤት በር ይታየኛል።

"ወዳጅ አገር ረግመሻል ተብሏል። የቷን አገር ነው? ልጅቷ ትናገር" አለ ሊቀመንበሩ።

እኔ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም። "አሜሪካን ነው" አልኩ።

"ወላሂ አሜሪካን ነው! ከኋላዋ ነበርኩ" አለች ጎረቤታችን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበ። "እንዲያ ከሆነማ እዚህም ትድገመው።"

እናቴ ግራ እጇን ጨብጣ አነሳች። "አሜሪካ... እንደኔ ቤቷ ባዶ ይቅር" አለችና እንባዋ መጣ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። "ቁጣ ማለት እንዲህ ነው!" አለ ሊቀመንበሩ።

ሰው ያላያቸውን ትልልቅ አገሮች ለምን እንዲህ እንደሚያማርር አሁን የገባኝ ይመስለኛል። እነሱ አያውቁንም፤ እጃቸው ግን ጓዳችን ድረስ ይገባል። አሜሪካንም የሚረግም ሞልቶ ነበር፣ የየራሱ ምክንያት ይኖረዋል። የእናቴን ልጅ የጫነው መኪና ግን የሌላዋ ነበር።

ቤት ስንገባ ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ። ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችልኝና፣ "ደክሞሻል፣ ተኚ" አለችኝ።

ወንድሜ አልተመለሰም። እናቴም ከዚያ ወዲህ ማንንም ስትረግም አልሰማኋትም። ደክሟት ይሁን፣ ወይም ያን እሁድ እርግማኗን እኔ ወስጄባት ይሁን፣ ጠይቄያት አላውቅም።