የበያጁ እናት ለቅሶ

አሶሳ ከግቢያችን ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአዳሪ እንግዳ ማከራየት ስጀምር ቀበሌው አጥብቆ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነበር፤ በአንድ ክፍል ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ። ባለቤቴ ይህንኑ በትልልቁ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈው። እኔም አከበርኩት። ሙሽሮችን ከነሚዜዎቻቸው መልሻለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ብረት በያጅ ከጉባ መጣ። ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ወሎ ሊሄድ የማግስቱን አውሮፕላን ይጠብቃል። ብቻውን ስለሆነ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩን እንደያዘ ወደ ግቢው ወጣ።

«እትዬ፣ እናቴ አረፈች አሉኝ። ውሃ ይኖራል?»

ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ እኔው አለቀስኩ።

ጎረቤቴ፣ ማንጎ የምትሸጠው የበርታ ሴት፣ ድምፄን ሰምታ መጣች።

«ማን ሞተ?»

«የእንግዳው እናት።»

«እሱ እዚህ ዘመድ አለው?»

«የለውም።»

«እኛስ ምንድን ነን?» አለችና ምንጣፍ ልታመጣ ሄደች።

ወዲያው ሰፈሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ አባል ላልሆነ ሰው ድንኳን እንደማይፈቀድ ገለጹልን። ስለ አግዳሚ ወንበር ግን ደንቡ ምንም አይልም ብለው አስመጡ። ዝናብ ሲጀምር ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ገባ።

የቀበሌው ሠራተኛ የደረሰው ይኼኔ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ክፍል እኮ ለሁለት ሰው ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው?»

«ለቅሶ ነው። ግባና እይ።»

 ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ «እግዜር ያጽናህ» አለው፤ ሰዎቹም ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት። እስኪመሽ ተቀመጠ። ሲወጣ፣ «የሚያድረው ግን እሱ ብቻ ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም ተብሎ ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት አደሩ።

ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘነው።

ከሳምንታት በኋላ ደወለ። ቀብሩ አምልጦታል። መርዶውን ብቻውን ሰማ ብለው ቤተሰቦቹ እያዘኑ ነው፤ ብቻዬን አልነበርኩም ቢላቸውም አላመኑትም። ስልኩን ለእህቱ ሰጣት። እኔም አጠገቤ ለነበረችው ጎረቤቴ አቀበልኳት።

«እናትሽ ጥሩ ሰው ነበረች» አለቻት። አይታት አታውቅም።

እህቱ «አዎ፣ ነበረች» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ።